አራት ደቂቃ የጎደለው ፊልም

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። ድምፁ ጎርነን ያለ፣ ትንሽ የደከመው ሰው ነው።

«ደሴ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ትሠራ የነበርከው ልጅ አንተ ነህ?»

ነኝ አልኩ። ስሙን ነገረኝ። ክው አልኩ። ይህ ሰው ከአስር ዓመት በፊት አንድ አማርኛ ፊልም ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ ቤቱን አስይዞ በተበደረው ብር ፕሮዲዩስ ያደረገ ሰው ነው። ፊልሙን በደንብ አውቀዋለሁ። ስንት ፍላሽ ላይ እንደጫንኩት አላውቅም እንጂ ፊልሙን አውቀዋለሁ።

ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የደወለው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው። የፊልሙ ዋና ቅጂ ያለበት ሃርድ ዲስክ ወድቆ ተበላሽቷል። ሁለተኛው ቅጂ ኤዲተሩ ጋ ነበር፤ ኤዲተሩ አገር ለቆ ሲሄድ ኮምፒውተሩን ሸጦታል። ገበያ ላይ የወጣው ቪሲዲም ተጫጭሮ አይነበብም። «እናንተ ጋ ኮፒ አይጠፋም ብዬ ነው» አለኝ። «እናንተ» ሲል ሌቦቹን ማለቱ ነው። ስድብ አልነበረበትም፤ የሚሠራ ሰው መሣሪያ ያለበትን ቤት እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ስልክ በኋላ ስለ ፊልም ስርቆት ታሪክ ማንበብ ስለጀመርኩ ነው። መጀመሪያ ላይ የፈለግሁት ራሴን ነጻ የሚያወጣ ነገር ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አግኝቻለሁ። ግን ሙሉውን አይደለም።

ሦስት ብር

ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ነው የሠራሁት። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ፊት ለፊት ስፒከር፣ ግድግዳው ላይ ፖስተር፣ ከባንኮኒው ኋላ ሁለት ኮምፒውተር። ስሙ ሙዚቃ ቤት ይባል እንጂ ገቢያችን ከፊልም ነበር። ሰው ፍላሹን ወይ የስልኩን ሚሞሪ ይዞ ይመጣል፣ «አዲስ ምን አለ?» ይላል፣ ዝርዝሩን አይቶ ይመርጣል፣ እንጭንለታለን። አንድ ፊልም ሦስት ብር። አምስት የወሰደ አንድ ይመረቅለታል።

የውጭዎቹ ፊልሞች በሃርድ ዲስክ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ኢንተርኔት አለ ቢባልም ደሴ ላይ አንድ ፊልም ለማውረድ ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ ነው፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ሀ ብሎ መጀመር። ስለዚህ መርካቶ ያለ አንድ ሰው ያወርዳል፣ ሹፌሩ ያደርሳል፣ እኛ እናባዛለን። ኢንተርኔታችን ጎማ ነበረው ማለት ይቻላል።

የአማርኛው መንገድ ደግሞ ይለያል። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ወራት ይቆያል፤ ባለቤቶቹ ኮፒ ስለሚፈሩ ቶሎ በዲስክ አያወጡትም። የወጣ ቀን ጋሼ፣ ማለትም አለቃዬ፣ አንድ ኦሪጅናል በ25 ብር ይገዛል። አንድ ብቻ። እኔ ኮምፒውተር ላይ እገለብጠዋለሁ። ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ አልቋል። በቃ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደሴ ላይ ያ ፊልም ሦስት ብር ነው።

አንድ ሥራ ግን ነበረችኝ፣ ጋሼ አጥብቆ የሚያዘኝ። አማርኛ ፊልሞች ሲጀምሩ ማስጠንቀቂያ አላቸው፤ አንዳንዴም ራሱ ተዋናዩ ብቅ ብሎ «እባካችሁ ኦሪጅናሉን ግዙ» ይላል። ከዚያ ረጅም የስም ዝርዝር ይከተላል። ጋሼ «ሰው ታሪኩን ነው የሚፈልገው፤ ቁረጥ» ይላል። እኔም እቆርጣለሁ። በዚህ ሰውዬ ፊልም ላይ የቆረጥኩት አራት ደቂቃ ያህል ነው። ማስጠንቀቂያውም፣ ስሞቹም፣ ስሞቹ የተጻፉበት የመክፈቻ ትዕይንትም አብረው ሄዱ። በምትኩ ከታች በኩል የሱቁን ስልክ ቁጥር አስቀመጥን። ሌላ ሱቅ እንዳይሰርቀን እኮ ነው!

የጨረቃው ጉዞ ተሰረቀ

የስልክ ቁጥሯን ነገር ያስታወሰኝ ጆርጅ ሜሊየስ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 «ጉዞ ወደ ጨረቃ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ጥይቷ የጨረቃን ዐይን ስትመታ የምትታይበትን ምስል አንድ ቦታ ሳታዩት አትቀሩም። ፊልሙ በዘመኑ ውድ ነበር፤ ሜሊየስ ወጪውን አሜሪካ በሚሸጠው እመልሳለሁ ብሎ አስቦ ነበር። ግን እሱ ከመድረሱ በፊት ፊልሙ ደረሰ። የቶማስ ኤዲሰን ኩባንያና ሌሎችም አሜሪካውያን ነጋዴዎች ቅጂውን እያባዙ ሸጡት። አዎ፣ ያው አምፖል ሲነሳ ስሙ የሚነሳው ኤዲሰን። ሜሊየስ ከአሜሪካው ገበያ ይህ ነው የሚባል ነገር ሳያገኝ ቀረ።

በ1903 ወንድሙን ጋስቶንን ኒው ዮርክ ልኮ ቢሮ አስከፈተ፤ ሥራው ፊልሞቹን እዚያው አስመዝግቦ መብት ማስከበር ነበር። የኩባንያውንም ምልክት፣ ኮከቧን፣ በትዕይንቱ ውስጥ፣ ከተዋንያኑ ጀርባ እቃው ላይ ያስቀምጥ ነበር። እንዳይሰረቅ ብሎ ነው። እኛ ስልክ ቁጥራችንን ያስቀመጥነው ግን ከሰረቅን በኋላ ነው።

ሜሊየስ ኋላ ከሰረ። የከሰረው በስርቆት ብቻ አይደለም፤ የሰው ምርጫ ተቀየረ፣ ትላልቅ ኩባንያዎች መጡ፣ ጦርነቱ ደረሰ። በስተርጅናው ፓሪስ ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ አሻንጉሊትና ከረሜላ ይሸጥ ነበር።

የታሪኩ ምፀት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ኤዲሰን በ1908 ሌሎች ኩባንያዎችን አስተባብሮ የካሜራና የፕሮጀክተር ፓተንት ያላቸውን አንድ ማኅበር አቋቋመ፤ ያለ እነሱ ፈቃድ ፊልም መሥራትም ማሳየትም ክልክል ሆነ። ፈቃድ የሌላቸው ፊልም ሠሪዎች ከኒው ዮርክ አካባቢ እየሸሹ ወደ ምዕራብ ሄዱ። በእርግጥ ካሊፎርኒያን የመረጡት ለፀሐዩና ለርካሽ መሬቱም ጭምር ነው። ግን ዛሬ የዓለምን ስርቆት የሚከስሰው ሆሊዉድ ራሱ በከፊል የተመሠረተው ከባለመብት በሸሹ ሰዎች ነው። የሰው ፊልም ሲያባዛ የነበረው ኤዲሰን የመብት ጠባቂ ሆነ፤ ከእሱ የሸሹት ደግሞ በተራቸው ጠባቂ ሆኑ። ያገኘ ሁሉ በሩን ከኋላው ይዘጋል።

የሰይጣን ቤትና የቪዲዮ ቤት

ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ሲጀመር ሕዝቡ አዳራሹን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው። ቀስ በቀስ ሰይጣኑን ለመድነው። አምፒር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምባሳደር እያልን አደግን። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ወጣ፤ በ1966 «ጉማ» ተከተለ። ያኔ ፊልም መስረቅ ቀላል አልነበረም፤ ፊልም ማለት በቆርቆሮ የታሸገ ከባድ ጥቅልል ነው። ለማሳየትም ፕሮጀክተር፣ አዳራሽና ባለሙያ ያስፈልጋል።

ያን በር የሰበረው የቪዲዮ ካሴት ነው። የአሜሪካ ስቱዲዮዎችም እንደኛ ደንግጠው ነበር። ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ሶኒን «ቤታማክስ የተባለው መቅጃህ ሌባ ያደርገናል» ብለው በ1976 እ.ኤ.አ. ከሰሱት። የስቱዲዮዎቹ ማኅበር መሪ የነበረው ጃክ ቫሌንቲ በ1982 ምክር ቤት ቀርቦ መቅጃውን ከታወቀ የሴቶች ነፍሰ ገዳይ ጋር እስከማመሳሰል ደረሰ። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለሶኒ ፈረደ፤ ሰው ለራሱ፣ ለኋላ ሊያየው ቢቀዳ ጥፋት አይደለም አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስቱዲዮዎቹ ከካሴት የሚያገኙት ገንዘብ ከሲኒማ ቤት ከሚያገኙት በለጠ። ሊገድለን ነው ያሉት ነገር አበላቸው።

እኛ ጋ ቪዲዮው ሲመጣ ያበላው ሌላ ሰው ነው። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ። ሳንቲም ከፍለን ቫን ዳምን፣ ሽዋዚንገርን፣ ሂንድ ፊልምን አየን። አስተርጓሚው በአማርኛ ያወራልናል፤ አንዳንዱ ከፊልሙ ይልቅ ለአስተርጓሚው ነበር የሚሄደው። አንዱም ቅጂ ከባለቤቱ የተገዛ አልነበረም። ማንም ግን «ስርቆት» አላለውም። እኔም ሌባ ነኝ ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም፤ ፊልም እንደ ዝናብ ከላይ የሚመጣ ነገር ነበር።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት። በኋላ በ1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። አዋጁ ሲወጣ ቅጣቱ ቀላል አልነበረም፤ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀው ነበር። ጋሼ ይህን ያውቅ እንደነበር አላውቅም። እኔ አላውቅም ነበር። በወረቀቱ ላይ አስር ዓመት የሚያሳስር ነገር በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፖሊሱም ፍላሹን ይዞ እየመጣ የሚሠራ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አዋጁ በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንንና እዚሁ የወጡ ሥራዎችን ነው፤ የውጭዎቹን የሚጠብቀው አገሪቱ በፈረመችው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ነበር። ያኔ ደግሞ ኢትዮጵያ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም፤ የዓለም ንግድ ድርጅትም አባል አልነበረችም። ስለዚህ ሱቃችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ፊልም ነበር፤ ሕጉ የማይደርስለት የሆሊዉዱ፣ ሕጉ የቆመለት የአማርኛው። እኛ ሁለቱንም በአንድ ፎልደር፣ በአንድ ዋጋ ሸጥን። ጥፋታችን ሁሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። በነጻ በለመድነው የሩቅ ሰው ፊልም የቅርቡንም ዋጋ ተመንንለት። ፊልም ማለት የዲስኩ ዋጋ ሆነ።

ናይጄሪያ የሌላ መንገድ ምስክር ናት። በ1992 እ.ኤ.አ. የካሴት ነጋዴ የነበረው ኬኔት ንኔቡዌ «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» የተባለውን የኢግቦ ፊልም በቀጥታ በቪዲዮ ካሴት አወጣ። ኖሊዉድ ከዚያ ነው የተስፋፋው። ገበያውን ያቀና ደግሞ የተሰረቀ የሆሊዉድና የቦሊዉድ ካሴት ነበር፤ ማባዣው፣ ሱቁ፣ አከፋፋዩ፣ ደንበኛው ሁሉ አስቀድሞ በኮፒ ንግድ ተዘርግቷል። የአገሬው ፊልም በዚያው መንገድ ተጓዘ። ያው መንገድ ግን መልሶ የአገሬውንም በላ። ስለዚህ የናይጄሪያ ፊልም ሠሪዎች በርካሽ፣ በፍጥነት፣ በብዛት መሥራትን ተማሩ፤ ኮፒው እስኪደርስ የሸጥከው ያንተ ነው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እኛም ጋ ዲጂታል ካሜራ መጥቶ፣ እነ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሲኒማ ቤት ሰው ካሰለፉ በኋላ ብዙ ሰው ቤቱን እየሸጠ ወደ ፊልም ገባ። መንገዱ ግን እንደ ናይጄሪያ ሰፊ አልነበረም፤ ሕዝቡ ብዙ ቢሆንም ሲኒማ ቤቱ ጥቂት፣ እሱም አዲስ አበባ ላይ የተከማቸ ነበር። ደሴ ያለ ሰው አዲስ ፊልም በሕጋዊ መንገድ ለማየት የዲስኩን መውጣት መጠበቅ ነበረበት። ወይም እኔን።

ሆሊዉድ አይሞትም፤ አማርኛ ፊልምስ?

በነገራችን ላይ የኢንተርኔቱ ጦርነት እኛ ጋ ሳይደርስ ነው ብዙው ያለፈው። በ1999 እ.ኤ.አ. ገና 15 ዓመት የሆነው ኖርዌያዊ ልጅ ዮን ሌክ ዮሃንሰን የዲቪዲን ቁልፍ የሚሰብር ፕሮግራም ከጓደኞቹ ጋር ለቀቀ፤ ከሰሱት፣ በ2003 ነጻ ወጣ። በ2001 ቢትቶረንት መጣ። የዚህ ዘዴ ብልሃት ፊልሙን ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከሚያወርዱት ሰዎች ሁሉ ቁርጥራጭ እየለቀሙ ማምጣት ነው፤ ልክ እንደ ደቦ። በ2003 ስዊድን ውስጥ ፓይሬት ቤይ ተከፈተ፤ በ2006 ፖሊስ ሰርቨሮቹን ወሰደ፣ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ተነሳ፤ በ2009 አራት ሰዎች የአንድ አንድ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በጥር 2012 የአሜሪካ መንግሥት ሜጋአፕሎድን ዘጋ፤ ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ የስርቆት መከላከያ ተብሎ የቀረበውን ሕግ በመቃወም የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ለ24 ሰዓት ጨልሞ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆሊዉድን ገደለው? አልገደለውም። በ2009 «ኤክስ ሜን ኦሪጅንስ ዎልቨሪን» ሲኒማ ቤት ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው፣ ገና ኢፌክቱ ሳያልቅ ኢንተርኔት ላይ ፈሰሰ። ፊልሙ እንዲያም ሆኖ በዓለም ዙሪያ ከ370 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሳይሰረቅ ምን ያህል ያስገባ እንደነበር ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። የስርቆትን ጉዳት ለመቁጠር ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ የወረደ ሁሉ ሊገዛ የነበረ አይደለም። ከእኔ ሦስት ብር ከፍሎ «ኮማንዶ»ን የጫነ የደሴ ተማሪ ኦሪጅናሉን በዶላር አይገዛም ነበር። ይህን ክርክር ለራሴ ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ። ስለ ሆሊዉድ ከሆነ አሁንም ያስኬደኛል።

ለአማርኛው ፊልም ግን አይሠራም። ሆሊዉድ አንድን ፊልም በሲኒማ፣ በአውሮፕላን፣ በሆቴል፣ በዲስክ፣ በቴሌቪዥን፣ በኦንላይን፣ በአሻንጉሊት ሳይቀር ደጋግሞ ይሸጠዋል። አንዱ በር ሲሰበር ሌላው ይከፈታል። የኛ ሰውዬ ሁለት በር ነው ያለው፤ ሲኒማ ቤትና ዲስክ። ውጭ አገር ያለው ወገን ሦስተኛ በር ሊሆን ይችል ነበር፤ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የኢትዮጵያ ሱቆች ከእንጀራውና ከበርበሬው አጠገብ የአማርኛ ፊልም ዲቪዲ ይሸጥ ነበር። ያም ቢሆን ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ዕለት ያበቃል። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን ሲሠራ አከፋፋይ አጥቶ ራሱ ከተማ ለከተማ እየዞረ አሳየ፤ በኋላም ዋሽንግተን ላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በፊልሙ ስም የመጽሐፍና የቪዲዮ ቤት ከፈተ። በሩን ራሱ ሠራ ማለት ነው። ስንቱ ግን እሱን መሆን ይችላል?

የኛን ሱቅ ሒሳብ እንደ ምሳሌ ልሥራላችሁ። እኛ ለአንድ ኦሪጅናል 25 ብር ከፈልን። መቶ ሰው ብቻ ጭነናል ብንል 300 ብር አገኘን፤ ከሃያ አምስቱም ቢሆን ለሰውዬው የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ ቀሪው የአሳታሚውና የአከፋፋዩ ነው። መቶው ሁሉ ኦሪጅናል አይገዙም ነበር፣ እሺ። ሃያው ብቻ ቢገዙስ? በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ከተማ ሃያ ዲስክ ነው። አሁን በየከተማው ያለውን ሱቅ ቁጠሩት። ቤት ያስያዘ ሰው ዕዳ የሚከፈለው በዚያ ነበር።

በኋላ ስማርት ስልኩ መጣ፤ የሙዚቃ ቤቱንም ሥራ ቴሌግራም ወሰደው። አሁን ሹፌርም፣ ሃርድ ዲስክም፣ ሦስት ብርም የለም። ፊልሙ ሲኒማ ቤት እያለ በስልክ ተቀርጾ፣ የፊት ወንበር ሰው ጭንቅላት ጭምር፣ ቻናል ላይ ይለቀቃል። ጋሼ ሱቁን ወደ ስልክ ጥገና ሲቀይር «ሌባን ሌባ ቀማው» ብሎ ሳቀ።

ገንዘቡስ የት ሄደ? ካያችሁት፣ ኮፒ ወደማይጎዳው ቦታ ነው የሸሸው። ተከታታይ ድራማ ሂሳቡ በማስታወቂያ አስቀድሞ ይከፈላል፤ ብትሰርቀውም ማስታወቂያውን አብረህ ታሰራጭለታለህ። ዩቲዩብም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጥሩ ጥሩ ጸሐፊዎችና ተዋንያን ወደዚያ ሄዱ። ይህ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ግን ሁለት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለህ የምታየው፣ ሁለት ዓመት የተለፋበት ፊልም የሚሠራው ሰው አነሰ። ለዚህ ተጠያቂው ኮፒ ብቻ አይደለም። የዕቃ ቀረጥ አለ፣ የአዳራሽ እጥረት አለ፣ ሲኒማ ቤቶችን የዘጋ ኮሮና አለ፣ ጦርነት አለ። ግን የእኔን ድርሻ በኮሮና ላይ ልጽፍ አልችልም።

«ታዲያ ለምን አትከፍሉም?» የሚል ካለ ደግሞ መልሱ ቀላል አይደለም። ኔትፍሊክስ በጥር 2016 እ.ኤ.አ. በአንድ ጊዜ ከ130 በላይ አገሮች ሲከፍት አፍሪካንም አዳርሷል። የሚከፈለው ግን በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ደሞዙ በብር የሆነ፣ ዶላር ለመድኃኒት እንኳ ወረፋ ይጠበቅበት በነበረ አገር ያለ ወጣት መክፈል ቢፈልግም በሩ የት ነው? ሰው ሌባ የሚሆነው አንዳንዴ ሳጥን ተቀባዩ ጋ መድረሻ ስለሚያጣ ነው። ለአማርኛው ፊልም ግን ዛሬ በስልክ ብር መላክ ይቻላል። ይህን የምላችሁ ሰባኪ ሆኜ አይደለም፤ የድሮው ሰበብ ለዚህኛው ስለማያገለግል ነው።

ከጅዳ የመጣው ፊልም

ደሴ ሄድኩ። በ2014 ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ የሱቁ በር ተሰብሮ ኮምፒውተሮቹ ተወስደዋል። ጋሼ አርጅቷል፤ «የትኛው ፊልም?» ብሎ አሰበ፣ «አሃ፣ ያቺ የምታስለቅሰዋ» አለ። ቅጂ ግን የለውም። ለድሮ ደንበኞች ደወልኩ፣ ጻፍኩ። አንዱ ፍላሹን ልጁ ሽንት ቤት ከቶታል። አንዱ ስልኩ ተሰርቋል።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ከጅዳ መለሰችልኝ። ቤት ሠራተኛ ሆና የሄደችው በ2004 ነው። ከመሄዷ በፊት ባለው ቀን እኔ ራሴ ነኝ የጫንኩላት፤ ዐረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች ፍላሹን ሙሉ በቅናሽ እንሞላ ነበር። «ወንድምዬ፣ አለኝ እኮ» አለችኝ በድምፅ መልእክት። «የመጀመሪያውን ዓመት በእሱ ነው ያለፍኩት። የሰዎቹ ልጆች ሲተኙ እንደ መዝሙር እየደጋገምኩ።» ከስልክ ወደ ስልክ እያዛወረች ነው ያቆየችው። በቴሌግራም ላከችልኝ።

ሲወርድ እያየሁ ያነበብኩት ሌላ ታሪክ ትዝ አለኝ። በ1922 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ «ኖስፌራቱ» የተባለ ፊልም ተሠራ፤ «ድራኩላ» ከተባለው መጽሐፍ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነው። የደራሲው ሚስት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሰች፤ በ1925 ፍርድ ቤት ቅጂው ሁሉ እንዲጠፋ ወሰነ። ግን ቀድመው ወደ ሌላ አገር የወጡ ቅጂዎች ተረፉ፤ ዛሬ ፊልሙ በሲኒማ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። መበለቷ መብቷ ነበር። ፊልሙም በመትረፉ ደስ ይለኛል። ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ የሚቻል መሆኑን የተማርኩት ከዚያ ነው።

ፊልሙን ይዤ አዲስ አበባ ቤቱ ሄድኩ። ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ከታች የሱቃችን ስልክ ቁጥር አለ። በቀጥታ ከታሪኩ ጀመረ።

«መጀመሪያው የታለ?» አለ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ጋሼ።»

ዝም አለ። ፊልሙ እየሄደ ነው። ቆይቶ «በስንት ነበር የምትሸጡት?» አለኝ።

«በሦስት ብር።»

«ለስንት ሰው?»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። እሱም አልደገመውም። ስለ ጅዳዋ ልጅ ስነግረው ግን ወደኔ ዞረ፤ «እውነት እሱን እያየች?» አለ። ከዚያ ሴት ልጁን ጠራትና አብረን እስከ መጨረሻው አየነው። ፊልሙ ሲወጣ ልጅቷ ገና አልተወለደችም ነበር።

ቅጂውን የፈለገው አንድ የዩቲዩብ ቻናል ሊገዛው ጠይቆት ነው። ይህንን ግን አይገዙም፤ ጥራቱ አይሆንም፣ ቁጥሩም አለበት። እንግዲህ ኮፒው ፊልሙን መለሰለት እንጂ ገንዘቡን አልመለሰለትም። ለማመካኘት ስፈልግ የመጀመሪያውን፣ ራሴን ስወቅስ ሁለተኛውን አስታውሳለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ስንጨርስ ወረቀት አወጣ። «ቢያንስ ስማቸውን መልሰን እናስገባ» አለ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ተዋንያኑን ጨረሰ፤ ካሜራ፣ ድምፅ፣ ሜካፕ፣ ሹፌሩን፣ ምግብ ያበሰለችውን ጭምር። ሃያ ሁለት ስም ሆነ። «ሃያ ሦስት ነበርን» አለ። የመብራቱ ልጅ ጠፋው። ቀጭን፣ ከጎጃም የመጣ፣ ሌሊት ዝናብ ላይ መብራቱን በጃኬቱ ሸፍኖ የቆመ ልጅ። ለሁለት ሰው ደወለ፤ እነሱም መልኩን እንጂ ስሙን አላስታወሱም።

ስሙ ያ በቆረጥኩት አራት ደቂቃ ውስጥ ተጽፎ ነበር። አሁንም እየፈለግን ነው። ያን ዘመን ከሱቅ የገዛችሁት ኦሪጅናል ዲስክ ቤታችሁ ቆሞ ከሆነ፣ የማይነበብም ቢመስላችሁ፣ አትጣሉት። እኔ ለማጽዳት እሞክራለሁ።